ዘንገናን አሳየኝ

ልጄ ቤዛዊት የተወለደችው አምቡላንስ ውስጥ ነው፤ ያውም ዙሪያዋን ፈረስ ከብቧት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን የሣቀ ሰው አልነበረም።

ስለ ዮርዳኖስ ልጽፍ ተነሥቼ ከራሴ መጀመሬ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን እሷን ያወቅኋት በዚያ ምክንያት ነውና ሌላ መነሻ የለኝም።

ጥር ሃያ ሦስት ነበር፤ የፈረሰኞቹ በዓል። ያኔ የምኖረው ዳንግላ ነው። ምጡ ጠንቶብኝ ሐኪሞቹ «እንጅባራ መድረስ አለባት» አሉና አምቡላንስ ላይ አወጡኝ። ነርሷ እህተማርያም ከጎኔ ተቀመጠች፤ ሾፌሩ አበረ ከፊት። እስከ ቆሰበር መግቢያ ድረስ ያለ ችግር መጣን። ቆሰበር የምንለው እንጅባራን ነው፤ የድሮ ስሟ ቢሆንም ካፋችን አልወጣም። መግቢያው ላይ ስንደርስ ግን ዋናው መንገድ ፈረስ ብቻ ሆኖ ጠበቀን። ከየወረዳው የመጣ፣ ግንባሩ ላይ ቀይና ቢጫ ዘርፍ የተንጠለጠለለት ፈረስ አስፋልቱን ሞልቶታል። ሰዉ በግራና በቀኝ ቆሞ እልል ይላል።

አበረ ስልኩን አውጥቶ «አቋራጭ»ን ከፈተ። አቋራጭ በኢንተርኔት የሚሠራ የአካባቢያችን ካርታ ነው። የትኛው መንገድ እንደተዘጋና በየት በኩል ማለፍ እንደሚቻል ያሳያል፤ የባጃጅም የአምቡላንስም ሾፌር የሚተማመነው በእሱ ነው። አበረ ስልኩን አየ፤ ነካካው፤ እንደገና አየ።

«ነጭ ሆነ!» አለ።

«ምኑ?» አለች እህተማርያም።

«ካርታው ነዋ! መንገድ የለው፣ ቤት የለው! ድሮ ሲንቀረፈፍ የኖረ ዛሬ ነጭ ለመሆን ጊዜ ፈጠነ! ይኸው፣ ወዲያው ነጭ! ይኸው ደግሞ!»

«ያለ ስልክ አታውቀውም ከተማውን?»

«እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ እህቴ። የማውቀው ዋናውን መንገድ ነው። ዋናው ደግሞ ይኸውልሽ!»

ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከኋላችን መኪና ተደርድሯል። ሳይረኑ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ቆሟል። በመጨረሻ እህተማርያም የኋላውን በር ከፍታ አንገቷን አወጣችና አንድ ነገር ጮኻ ተናገረች። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ያየሁትን ግን እስክሞት አልረሳም። አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡን። ከዚያ ሌላው ፈረሰኛ፣ ከዚያም ሌላው። በክብ ቆመው ፊታቸውን ወደ ሰዉ፣ ጀርባቸውን ወደ እኛ አድርገው መጋረጃ ሆኑልኝ። እልልታው ጸጥ አለ። ቤዛዊት የመጣችው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። እኔ ብዙ ደም ፈሶኝ ነበርና ሆስፒታል ስደርስ ራሴን አላውቅም። ተረፍኩ።

*

አራስ ቤት እያለሁ አንዲት የማላውቃት ልጅ እግር ሴት አጃና ማር ይዛ የደረሰብኝን ሰምታ ከቆሰበር ልትጠይቀኝ ወደ ዳንግላ መጣች። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ጫማዋ አቧራ የበላው።

«ዮርዳኖስ እባላለሁ» አለች። «አቋራጭን የምሠራው እኔ ነኝ።»

እናቴ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። «ያ ነጭ የሆነው ያንቺ ነው?»

«አዎ እማማ። የእኔ ነው።»

«እና ይቺ አጃ ትበቃለች ብለሽ ነው?»

«አትበቃም እማማ።»

«በይ ተቀመጪ» አለች እናቴ። እውነቱን የተናገረ ሰው እናቴ ዘንድ ወንበር አያጣም።

ዮርዳኖስ ተቀመጠች፤ ግን ምሕረት ልትለምን አልነበረም የመጣችው። ልትጠይቅ ነው። ነጩ እንዴት መጣ? ቆይቶ ነው ወይስ ወዲያው?

«ምጥ ላይ ያለች ሴት ምን ታያለች ብለሽ ነው?» አልኳት። ቀጥሎ ግን ትዝ አለኝ። «አላየሁም፤ አበረ ሲጮኽ ግን ሰምቻለሁ። ‹ፈጠነ› ነበር የሚለው። ‹ወዲያው ነጭ› እያለ።»

«ፈጠነ አለ?»

«እንዴታ! የተናደደው እኮ በፍጥነቱ ነው።»

 ከዚያ በኋላ እናቴ ያቀረበችላትን አልቀመሰችም፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው በዝቶ ካርታውን ለየስልኩ የሚልኩትን ማሽኖች ያነቃቸው ይመስላት ነበር። የታነቀ ማሽን ደግሞ ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም።

ስትወጣ በር ላይ ቆማ «በሚመጣው የፈረስ በዓል አይነጣም» አለችኝ።

አበረ ይህን ስነግረው ከት ብሎ ሣቀ። «እናያለና! ዘንድሮ ምሬያታለሁ። ለከርሞ በፈረሱ ቀን ከነጣ ግን ከእኔ ስልክ ብቻ አይደለም፣ ከሾፌሩ ሁሉ ስልክ ነው የማስጠፋው። የማያውቁት መንገድ ይሻላል፤ የሚያምኑትና ነጭ የሚሆን ካርታ ግን ሰው ይገድላል።»

*

ከፋሲካ በኋላ ባለቤቴ ምስጋናው ቆሰበር የባጃጅ ሥራ አገኘና ወደዚያ ተዛወርን። ከዮርዳኖስ ጋር ጎረቤት ሆንን። ያኔ ነው ሕይወቷን ቀስ በቀስ ያወቅሁት።

የአዘና ገጠር ልጅ ናት። በቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ነው፤ አማርኛን ያወቀችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ሰው ሲገናኝ «እንዴት ነህ?» «አለሁ»፣ «ከብቱስ?» «አለ»፣ «ልጆቹስ?» «አሉ» ሲባባል ስለምትሰማ፣ ለአማርኛ ጥያቄ ሁሉ መልሱ «አለሁ» ይመስላት ነበር። የመጀመሪያ ቀን መምህሩ «ስምሽ ማነው?» ሲላት «አለሁ» አለችው። «የማን ልጅ ነሽ?» «አለሁ።» ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ «አለሁ» የሚል ስም ወጥቶላት ኖረች።

ኮምፒዩተር የተማረችው እዚሁ እንጅባራ ነው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተደራጅተው አቋራጭን ጀመሩ። ጓደኞቿ ሌላ ሥራ አግኝተው ሲሄዱ እሷ ቀረች። ስልኳን ይዛ በእግሯ መንገድ ትለካለች፤ የየወንዙንና የየሰፈሩን ስም ትጠይቃለች። ገበሬው በአዊኛ አንድ ስም ይነግራታል፤ የከተማው ሰው በአማርኛ ሌላ። ሁለቱንም ታስገባለች። ለዚህ ነው ካርታው ላይ «ቆሰበር» ብሎ የጠየቀም «እንጅባራ» ብሎ የጠየቀም አንድ ቦታ የሚደርሰው።

ማሽኖቿ ያሉት ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። መጀመሪያ ስታስገባኝ ብርዱ አንዘፈዘፈኝ።

«መስኮቱን አትዘጊውም እንዴ?»

«ለእነሱ ነው። የቆሰበር ብርድ ይስማማቸዋል» አለችኝ፤ እንደ ላም እያሻሸቻቸው።

ሦስት ሰርቨሮች በመደዳ ቆመዋል። አራተኛ አነስ ያለች ማሽን በር አጠገብ ለብቻዋ አለች። ዮርዳኖስ ስልኬን ተቀብላ ካርታውን ከፈተችና ጣቴን ይዛ ሳብ አደረገችው።

«ካርታው አንድ ወረቀት አይምሰልሽ። በትንንሽ አራት ማዕዘን የተቆራረጠ ነው። አሁን ጣትሽን ስትስቢ ስልክሽ ‹ይህን ቁራጭ ስጡኝ፣ ያንንም፣ ያንንም› ብሎ ብዙ ጥያቄ ላከ። ጥያቄው ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው በር ላይ ያለችው ዘንድ ነው። እሷ አንዱን ለዚህ፣ አንዱን ለዚያ፣ አንዱን ለወዲያኛው ታካፍላለች። ለአንዱ ብቻ ብትሰጠው ይታነቃላ።»

«ይቺ የበሯ ስም አላት?»

«አጋፋሪ» አለችና ሣቀች። አባቷ ጋሼ ቢሻው በአገራቸው ድግስ ሲኖር አጋፋሪ ናቸው። ዳስ በር ላይ ቆመው «አንተ እዚህ ግባ፣ እናንተ ወደዚያኛው ዳስ» እያሉ እንግዳውን ያስቀምጣሉ። ልጅ ሆና እግራቸው ሥር ቆማ ታይ ነበር።

ስልኬን አተኩሬ አየሁት። ከቆሰበር ወደ ዳንግላ የሚወስደው መንገድ ከአንዱ ቁራጭ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ይህኛው ቁራጭ ከአንደኛው ማሽን መጥቶ ይሆናል፤ ያኛው ከሦስተኛው። መንገዱ ግን የትም ላይ አልተቆረጠም። ስፌቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ሦስት ሰዎች ተራርቀው የሸመኑት ጥለት ሲገጣጠም አንድ ክር እንኳ እንዳልተዛነፈ አድርጋችሁ አስቡት፤ ያውም እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ድረስ ባለችው ጊዜ ውስጥ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ኮምፒዩተር ማለት መጻፊያ ነበር የሚመስለኝ።

*

ሐምሌ ላይ ነው ነገሩ የተፈታው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በዋለ ቀን። ዮርዳኖስ እኔ ቤት ሆና ድንች ቀቅዬ እየበላን አባቷ ጋ ደወለች። ሰላም እንድላቸው ድምፁን ከፍ አደረገችልኝ።

«ጋሼ ቢሻው፣ እንዴት ነዎት? ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል?»

«አለሁ ልጄ፣ ተመስገን! ልጅሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ባልሽስ? ከብቱስ?»

«ከብት የለንም ጋሼ፣ ባጃጅ ነው ያለን።»

«ባጃጁስ ደህና ነው?»

ሣቅን። መልሳቸው ቶሎ ቶሎ የሚመጣ፣ የጤነኛ ሰው ነበር። ከዚያ ከልጃቸው ጋር በአዊኛ መነጋገር ጀመሩ። እኔ አዊኛ አልሰማም፤ ግን ስልኩን እናቷ እንደተቀበሉ በድምፁ አወቅሁ። ዮርዳኖስ ድንቹን ይዛ ቆመች። እናቷ ብዙ ተናገሩ።

«ምነው?» አልኳት ስትዘጋ።

«አባቴ እህል ሊሸጡ ጫግኒ ወርደው ወባ ይዟቸው ተመለሱ። አልጋ ላይ ከወደቁ ሰንብተዋል። አትንገሯት ብለው ነው።» ድንቹን አስቀመጠች። «በየቀኑ ደውዬላቸዋለሁ ትዕግስት። በየቀኑ ‹አለሁ› ይሉኛል!»

«እኔንስ! ሳያንገራግሩ እኮ ነው ቶሎ ቶሎ የመለሱልኝ።»

«ቶሎ ቶሎ» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ተለወጠ። «አበረም ያለው እሱን ነው። ፈጠነ ነው ያለው።»

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዘና ሄደች፤ አባቷን አሳክማ፣ ሲሻላቸው ይዛቸው ወደ ቆሰበር መጣች። ያገኘችውንም ነገር ለእኔና ለእሳቸው አንድ ላይ ነው የነገረችን።

አጋፋሪዋ ማሽን እያንዳንዱን ሰርቨር በየጊዜው «አለህ?» ብላ ትጠይቃለች። እሱም «አለሁ» ይላል። ቃሉን በአማርኛ የጻፈችው ዮርዳኖስ ራሷ ናት፤ «አለሁ» ካለ እንግዳ፣ ማለት የካርታ ጥያቄ፣ ይላክበታል። በፈረሱ ቀን ግን ከሦስቱ የአንዱ ዲስክ፣ ማለት የካርታው ቁራጮች የተቀመጡበት ዕቃ፣ ከማሽኑ ተላቆ ነበር፤ በኋላ ማሽኖቹን አጥፍታ ስታስነሣቸው ራሱ ተመልሶ ስለያዘ ሳታየው ቀረች። ማሽኑ ራሱ ነቅቷል። «አለህ?» ሲባል «አለሁ» ይላል። ቁራጭ ስጥ ሲባል ግን ባዶ መደርደሪያ ነው የሚያገኘው፤ ስለዚህ ነጭ ሰጥቶ ይሸኛል። ፍለጋ የለበት፣ ድካም የለበት፣ ወዲያው ነው የሚጨርሰው። ቶሎ ስለሚጨርስ ሁልጊዜ ሥራ ፈቶ ይታያል። አጋፋሪዋ ደግሞ ሥራ ለፈታ ነው የምትሰጠው። ሁለቱ ጤነኞች እየሠሩ ስለዘገዩ እንግዳው ሁሉ ወደ በሽተኛው ጎረፈ።

ጋሼ ቢሻው ብርድ ልብስ እንደተከናነቡ መሣቅ ጀመሩ። ሣቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ።

«ምን ያስቅዎታል አባዬ?»

«ይቺ ማሽንሽ የእኔን ጉድ ነው የሠራችው! የእንየው ልጅ ሠርግ ላይ፣ ታስታውሺ እንደሁ፣ አንደኛው ዳስ ቶሎ ቶሎ ይለቀቃል። እኔም ጎበዝ አስተናጋጅ አለ እዚህ ብዬ ሰዉን ወደዚያ መንዳት። ለካ ወጡ አልቋል! ሰዉ ገብቶ፣ ዓይቶ፣ በሌላ በር ይወጣል። ሚስቱ የእናትሽ ዘመድ ናት፤ እስከ ዛሬ ‹የረሃብ አጋፋሪ› ትለኛለች።»

«እርስዎም ነዎት ጥፋተኛው» አለች ዮርዳኖስ። «ወባ ይዞት ‹አለሁ› የሚል አባት ያሳደገው ሰው ነው እንዲህ ያለ ማሽን የሚሠራ።»

«ታዲያ ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ሞትኩ ልበል? ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው አባዬ። ለዚህ ነው ከእንግዲህ እንዴት ነዎት የማልልዎት።» ወደ እኔ ዞረች። «እንግዳ ከመላክሽ በፊት ሳህኑን ማየት ነው።»

ያደረገችው ይኸው ነው። አጋፋሪዋ አሁን «አለህ?» አትልም። «ዘንገናን አሳየኝ» ነው የምትለው። ዘንገና ሐይቅ ከከተማችን ወጣ ብሎ በጫካ መካከል ያለ፣ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ዓይን የሚመስል ውኃ ነው። ካርታው ላይ አንድ ቁራጭ ይሞላል፤ አረንጓዴ መካከል ሰማያዊ ክብ። ማሽኑ ያን ክብ አውጥቶ ካሳየ እንግዳ ይላክበታል። ነጭ ካሳየ፣ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን፣ «አለሁ» ቢልም ባይልም፣ እስኪድን ድረስ ማንም አይላክበትም።

ለአባቷም እንዲሁ አደረገች። ስትደውል «እንዴት ነዎት?» ትታ «ዛሬ የት ወጡ? ምን በሉ?» ትላለች። ጋሼ ቢሻው «ይቺ ልጅ ፖሊስ ሆነች» ይላሉ።

*

ግን ይሠራል አይሠራም በምን ይታወቃል? ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ካርታውን ካልከፈተው አይታወቅም። ብዙ ሰው ከየት ይመጣል ብላ ስትጨነቅ እኔ የት እንደሚገኝ አውቅ ነበር። በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ነው! እናቶች ሕፃን ታቅፈን ተራ እንጠብቃለን፤ በአንድ እጃችን ልጅ፣ በሌላው ስልክ።

ቤዛዊት የዘጠኝ ወር ክትባቷን የምትወስድ ቀን ሄድኩና ወንበር ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። «እህቶቼ! ‹በሉ› ስል ሁላችሁም አቋራጭን ክፈቱና ቆሰበርን ወዲህ ወዲያ ጎትቷት!»

«ባሌ የት እንዳለ ያሳያል?» አለች እናትነሽ የምትባል ቀልደኛ።

«መንገድ ነው የሚያሳየው፣ ባል አያሳይም።»

«የባሌን መንገድ ካሳየ ባሌን አገኘዋለሁ!»

«በሉ!» አልኩ በሣቁ መካከል።

ዮርዳኖስ እክፍሏ ሆና የሁለተኛውን ማሽን ዲስክ ሆን ብላ ነቀለች። እኛ ግን ያወቀ የለም። ካርታው ትንሽ ዘገየ፤ ቁራጮቹ አንድ በአንድ መጡ፤ ነጭ ሆኖ የቀረ አልነበረም። «የእኔ ቤት ቀርከሃው ሳይቀር አለ!» አለች አንዷ። ሕፃናቱ መርፌ እየተወጉ ሲጮኹ፣ እናቶቹ ስልክ ላይ አቀርቅረው የየቤታቸውን ጣሪያ ሲፈልጉ፣ ከታቢዎቹ ግራ ተጋብተው ነበር። ደወልኩላት። «ዘንገና?» አልኳት። «ሁለት ቦታ ሰማያዊ ነው፣ አንድ ቦታ ነጭ። ነጩ ጋ አንድም ሰው አልሄደም!» አለችኝ እየጮኸች።

ግን ክትባት የመጡ እናቶችና የፈረስ በዓል እኩል አይደሉም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

*

ጥር ሃያ ሦስት ደረሰ። ቤዛዊትን አዝዬ ዮርዳኖስ ክፍል ሄድኩ፤ የልጄ ልደትም አይደል? ከመስኮቱ ሥር ፈረሱ ይተማል፤ ኮቴው ፎቁን ያንቀጠቅጠዋል። ዮርዳኖስ ትልቁን ስክሪን ወደ ፊቴ አዞረችልኝ። ጥቁር ላይ ነጭ መስመር ከታች ወደ ላይ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ አያልቅም።

«እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ነው» አለችኝ። «አንድ ሰው አንድ ቁራጭ መሬት ሲጠይቅ።»

አየሁት። ከጫግኒ የሚጠይቅ አለ። ከዳንግላ፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባም። የዘመዱን ሰፈር የሚፈልግ፣ ፈረሱን የት እንደሚያሳድር የሚፈልግ፣ ዝም ብሎ አገሩን ለማየት የሚጎትትም ይኖራል። ይህ ሁሉ ሰው በዚህች በር ያልፋል፤ አጋፋሪዋ አንዱንም ሳትገፋ፣ አንዱንም ሳትረሳ፣ አንተ ወደዚህ፣ አንቺ ወደዚያ ትላለች። በቤተ ክርስቲያን ንግሥ ቀን ሕዝቡን ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ተሰማኝ። ድምፅ የለውም እንጂ አገር ሙሉ ሰው ክፍሏ ውስጥ ነበር። ዝቅ ብዬ የልጄን እግር ያዝኩ።

ያኔ አበረ ደወለ። ዮርዳኖስ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ዮርዳኖስ! ምጥ ላይ ያለች ሴት ይዤ ከዳንግላ እየመጣሁ፣ ልደርስ ነው። ያልኩሽን አልረሳሽም አይደል?»

«አልረሳሁም።»

«መግቢያው ላይ ስደርስ ነው የምከፍተው። ካርታሽ አለ?»

«አለ አልልህም። ከፍተህ እየው።»

ስልኩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ማሽኖቹ ባትሪ አላቸውና አልጠፉም፤ ነገር ግን ከሁለተኛው ማሽን «ጠቅ» የሚል ድምፅ ወጣ። በስክሪኑ ጥግ የተደረደሩት ሦስት ትንንሽ ዘንገናዎች ነበሩ። መካከለኛው ነጭ ሆነ።

«ዲስኩ» አለች በሹክሹክታ።

ዘንድሮ የነቀለው ሰው የለም። ራሱ ነው የታመመው፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት። ወደ ሁለተኛው ማሽን የሚሄደው መስመር ቆመ፤ አጋፋሪዋ በሩን ዘጋችበት። እንግዳው ሁሉ ወደ ሁለቱ ዞረ። የሁለቱ ማራገቢያ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ወፍጮ ቤት የገባን መሰለኝ።

«አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!» አልኳት።

«አሁን ብነካቸው ሁለቱንም ልጥላቸው እችላለሁ።» እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተቻቸው። «ሥራውን ሰጥቻታለሁ። ትሥራው።»

ስልኬን አውጥቼ አቋራጭን ከፈትኩ። ባዶ።  ባዶ ነው፤ ግን ገና እየመጣ ያለ ባዶ። ከዚያ ከግራ ጥግ አንድ ቁራጭ ዱብ አለ። የጤና ጣቢያው ጣሪያ። ቆየት ብሎ ሌላ። ቆየት ብሎ ሌላ። አስፋልቱ በቀይ የተዘጋ መሆኑ ታየ። ከሕንፃው ጀርባ ካለው ቀርከሃ ጎን የምታልፈው ጠባብ መንገድ ግማሿ መጣ፤ ግማሿ ቀረ። ዮርዳኖስ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አብራኝ ታያለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ነይ» አለች። «ነይ፣ ነይ…»

ቀሪው ግማሽ መጣ። መንገዱ ገጠመ። ከሌላ ማሽን የመጣ ይሁን ከዚያው እግዜር ይወቅ፤ ስፌት የለውም።

ከመስኮቱ ሳይረን ተሰማ። ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ። አምና ይህ ድምፅ ከራሴ በላይ አንድ ቦታ ቆሞ ሲጮኽ ነበር የሰማሁት። ዛሬ ይንቀሳቀሳል። ከዋናው መንገድ ዞር አለ። በቀርከሃው በኩል ከሕንፃው ጀርባ አለፈ። አልቆመም። ራቀ። ቀጥሎ የቀረው የፈረስ ኮቴና እልልታ ብቻ ሆነ።

 ቤዛዊት ጀርባዬ ላይ ሆና ወደ ፈረሶቹ እጇን እየዘረጋች «ኧ! ኧ!» ትላለች።

ስልኩ ሲጠራ ዮርዳኖስ አንስታ ለእኔ ዘረጋችው። እኔ ተቀበልኳት።

«ደርሰናል!» አለ አበረ። «ካርታሽ እንደ በሬ ነው የሚሄደው በያት። ግን መንገድ ነው ያሳየኝ። ሴትዮዋም ደህና ናት።»

ዮርዳኖስ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው። «ደህና ናት አትበለኝ አበረ! ምን አየህ?»

«አስገብተዋት በሩን ዘጉብኝ። ምን አያለሁ?»

«እንግዲያው እዚያው ቁም። እስክታይ ቁም።»

«ወይ ጣጣ!» አለ፤ ግን አልዘጋም። የሆስፒታሉ ኮሪደር ድምፅ ይሰማናል፤ የሰው እግር፣ የሚጎተት አልጋ። ዮርዳኖስ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ብዙ ቆየን። ሁለቱ ማሽኖች ይጮኻሉ፤ መስመሩ ይሮጣል።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከበር ወዲያ፣ ቀጭን ለቅሶ መጣ። ቤዛዊት እንኳ እጇን ሰብስባ አዳመጠች።

«ሰማሽ?» አለ አበረ።

«ሰማሁ» አለች ዮርዳኖስ። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፤ ጠመንጃ መፍቻዋን አነሣችና ወደ ታመመው ማሽን ሄዳ ተንበረከከች።